የሪሰርች ፌሎው ሥራ ለምትፈልጉ፦ ምስጋናም ጥቆማም

ፒኤችዲ ጨርሳችሁ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምርምር ሥራ እያደናችሁ ነው? እንግዲያው የተማራችሁበት ዩኒቨርሲቲ የሥራ ምክር ክፍል ጎራ በሉና ከተመራማሪዎች ጋር የሚሠራ አማካሪ ካለ ጠይቁ። እኔን የረዱኝ ሴት ስማቸው እንዲነሳ ስለማይወዱ አልጠራውም። ሥራቸውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ከሁሉ አስቀድመው ፍለጋዬን ለሁለት ከፈሉት። አንዱ፣ ፕሮፌሰሩ የምርምር ገንዘብ አግኝቶ ሰው የሚቀጥርበት ነው። ርዕሱም የኮንትራቱ ዘመንም ቀድሞ ተወስኗል። ለዚህ ጆብስ ዶት ኤሲ ዶት ዩኬ እና ዩራክሰስ የተባሉት የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጾች ላይ ተመዝግቦ ማስታወቂያ በኢሜይል መቀበል ይበቃል። ሌላው የራስን ፕሮፖዛል፣ ማለትም የምርምር ዕቅድ፣ ይዞ ለፌሎሺፕ (ለተመራማሪ ለሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ) መወዳደር ነው፤ የአውሮፓ ኅብረቱ ማሪ ስክሎዶውስካ ኪዩሪ እና የጀርመኑ ሁምቦልት ፌሎሺፖች ከዚህ ወገን ናቸው። እዚህ ማስታወቂያ ሲወጣ መሯሯጥ አያዋጣም። የሚቀበላችሁ ፕሮፌሰር ቀድሞ መገኘት አለበት።

ለፕሮፌሰሩ የሚላከው ኢሜይል ላይማ ምሕረት የላቸውም። አጭር ይሁን ይላሉ። የትኛውን ሥራውን እንዳነበባችሁና እናንተ ምን ልትጨምሩበት እንደምታስቡ ይናገር። ለሃምሳ ሰው በአንዴ የተላከ የሚመስል ደብዳቤ ካዩ ሳይጨርሱት ይመልሱታል።

ማመልከቻው ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከማስታወቂያው ጋር የመመዘኛ ዝርዝር ያወጣሉ። አንዳንዱ የግድ መሟላት ያለበት፣ አንዳንዱ ቢኖር የሚመረጥ ነው። በተለይ እንግሊዝ አገር ኮሚቴው ለቃለ መጠይቅ የሚጠራውን የሚለየው በዚሁ ዝርዝር ነው። «እያንዳንዱ ነጥብ ደብዳቤህ ውስጥ የቱ ጋ እንደተመለሰ በጣትህ አሳየኝ» ይሉኝ ነበር። «በቡድን መሥራት እችላለሁ» ማለት እሳቸው ዘንድ ምንም እንዳለማለት ነው። ከማን ጋር? ምን ዳታ ላይ? ምን ወጣው? የት ታተመ? እንዲህ ሲያፋጥጡኝ ላብ በላብ እሆን ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር እንኳ ግን አልጻፉልኝም። ለምኛቸውም እምቢ አሉ። ልክ ነበሩ፤ ቃለ መጠይቁ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኛ!

ከሁሉ የወደድኩላቸው ግን «ይሄ አይሆንህም» ማለት መቻላቸውን ነው። አንድ ጓደኛዬ እዚያው በሚኖርበት አገር ለማሪ ኪዩሪ ሊወዳደር ተነስቶ ነበር። ደንቡን አውጥተው አሳዩት። ማመልከቻው ከሚዘጋበት ቀን በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ ተቀባዩ ተቋም ባለበት አገር ከ12 ወር በላይ የኖረ ወይም የሠራ ሰው አይፈቀድለትም። ፕሮፖዛሉን ሳይጀምረው ሌላ አገር ተቀባይ መፈለግ ያዘ።

እንከን አይጠፋምና፣ ቀጠሮ ለማግኘት ወረፋው ያስመርራል። ኢሜይልም ቶሎ አይመልሱም። አባብሎ የሚያወራ ሰው የምትፈልጉ ከሆነም እሳቸው አይሆኑም። እኔን ግን ለሥራ አብቅተውኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ።

እንዲህ ዓይነት አገልግሎት አብዛኛውን ጊዜ ለተማሪዎች በነፃ ነው። የተመረቁትንም ለተወሰነ ጊዜ የሚያስተናግዱ ስላሉ ሳትጠይቁ ተስፋ አትቁረጡ። «ፌሎሺፕ እናስገኛለን» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ ከሚጠይቅ ደላላ ግን ራቁ። ስትሄዱ ሲቪያችሁን ብቻ አትያዙ፤ ያሰባችሁትን ማስታወቂያ ከነመመዘኛው አትማችሁ ውሰዱ። ባዶ እጁን የመጣውን እሳቸው በር ላይ ነው የሚመልሱት።