ዱባይ ውስጥ በምን ልዘዋወር? ሜትሮ፣ ታክሲና አብራ ሲነጻጸሩ

ከአዲስ አበባ ዱባይ የሚሄደው ሰው ወይ ዕቃ ሊገዛ ነው፣ ወይ ሊጎበኝ፣ ወይ ዘመድ ሊጠይቅ። የሁሉም ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ በምን ልሂድ? የእኔ መልስ ቁርጥ ያለ ነው። ትልልቅ ሻንጣ ካልያዛችሁና ሌሊት ካልሆነ ሜትሮ ያዙ።

ከኤርፖርት እንጀምር። ቀዩ የሜትሮ መስመር ተርሚናል 1 እና ተርሚናል 3 ጋ ይቆማል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፈው ተርሚናል 1 ስለሆነ ከዚያ ወደ ገበያው ሰፈር ዴይራ መግባት በሲልቨር ካርድ (ስለ ካርዱ ወደ ታች እመጣለሁ) 3 ድርሃም ብቻ ነው። ታክሲ ደግሞ ከኤርፖርት ሲነሳ ገና ጎማው ሳይንቀሳቀስ ቆጣሪው 25 ድርሃም ይላል። ተርሚናል 2 ካረፋችሁ ግን እዚያ ሜትሮ የለም፣ ታክሲ ወይ አውቶቡስ ነው። ሰዓቱንም ልብ በሉ። ሜትሮው በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ይሠራል፣ ዓርብ ማታ አንድ ሰዓት ይጨምራል፣ እሁድ ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት አይከፈትም፤ እሁድ ማለዳ በረራ ያለበት ሰው ሜትሮን ይርሳው።

ሰው ብዙ የሚደናገረው ካርዱ ላይ ነው። ካርዱ ኖል ይባላል። ቀዩ ወረቀት ነው፣ 2 ድርሃም ይሸጣል። ሲልቨሩ 25 ድርሃም ነው፣ ግን 19ኙ ውስጡ ያለ ሂሳብ ስለሆነ የካርዱ ዋጋ 6 ነው ማለት ነው። ከተማው ለሂሳብ በዞን ተከፋፍሏል፤ በሲልቨር አንድ ዞን 3፣ ሁለት ጎረቤት ዞን 5፣ ከዚያ በላይ 7.50 ድርሃም ያስከፍላል፤ በቀዩ እያንዳንዱ ጉዞ 1 ድርሃም ይጨምራል። ስለዚህ ከአምስተኛው ጉዞ ጀምሮ ሲልቨር ያተርፋል፣ ሁለት ቀን ለሚቆይ ሰው እንኳ ይሄ በቀላሉ ይሞላል። ካርዱ 5 ዓመት ስለሚያገለግል ለሚመላለስ ነጋዴ ደግሞ ጥያቄም የለውም። ጎልድ? ዋጋው እጥፍ ነው፣ የምታገኙት ሰፋ ያለ መቀመጫ ያለው ፉርጎ ነው። እኔ አልመክርም። የ20 ድርሃሙ የቀን ፓስ የሚያዋጣው 7.50 የሚያስከፍል ረጅም ጉዞ ሦስት ጊዜ ለምትሄዱበት ዓይነት ቀን ነው። ሰፈር ለሰፈር ለሚዞር ሰው ብክነት ነው።

ሜትሮ ውስጥ መብላትም መጠጣትም ያስቀጣል፣ 100 ድርሃም። ሮዝ ምልክት ያለበት ክፍል የሴቶችና የሕፃናት ነውና ወንዶች ስትገቡ ወለሉን እዩ። ሻንጣም ገደብ አለው፤ ለአንድ ሰው አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ።

ታክሲ የሚያሸንፈው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሻንጣ ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ ሞልታችሁ ወደ አገር የምትመለሱ ከሆነ ከሜትሮ ጋር አትታገሉ። ሦስት አራት ሆናችሁ አጭር መንገድ ስትሄዱም ሂሳቡን ስትካፈሉት ታክሲው ብዙም አይጎዳም። የቻይና ዕቃ ገበያው ድራጎን ማርት ለምትሄዱ ደግሞ ሜትሮ እስካሁን አይደርስም። ወደዚያ አካባቢ የሚሄደው ሰማያዊ መስመር የታቀደው ለ2029 ስለሆነ ሲሄዱ በአውቶቡስ፣ ዕቃ ተሸክሞ ሲመለሱ በታክሲ ነው የሚሻለው። ታክሲዎቹ በቆጣሪ ስለሚሠሩ ክርክር የለም፣ ግን ሳሊክ በሚባለው የመንገድ ክፍያ በር ሲያልፉ ክፍያው ሂሳባችሁ ላይ ይደመራል፤ ተጭበረበርኩ ብላችሁ አትደንግጡ።

ከዴይራ ወደ ቡር ዱባይ ለመሻገር ደግሞ አብራ የምትባለው የእንጨት ጀልባ አለች። 1 ድርሃም በእጅ ትከፍላላችሁ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ማዶ ናችሁ። ለዋጋዋ ከተማው ውስጥ እንደሷ የሚያስደስት ነገር አላውቅም።

ከትራንስፖርቱ በፊት ግን ሆቴሉን አስቡበት። ርካሽ ብላችሁ ከጣቢያ ርቃችሁ ከያዛችሁ በሐምሌና በነሐሴ ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት በእግር መሄድ አይቻልም፣ ስለዚህ ቀን በቀን ታክሲ ትከፍላላችሁ። ዩኒየን፣ አል ሪጋ ወይም ባኒያስ ስኩዌር ጣቢያ አጠገብ ያዙ፤ ዴይራ ገበያው ቅርብ ነው፣ የእንጀራ ቤትም አይጠፋም። አቡ ዳቢ ለመሄድ ካሰባችሁ ከአል ጉበይባ ጣቢያ የሚነሳው ኢ100 አውቶቡስ 25 ድርሃም ነው፣ የሚከፈለውም በኖል ስለሆነ ሲልቨሩን ቀድማችሁ ሙሉ።