ለአዲስ አበባ መግቢያዎች የትኛው የመንገድ ክፍያ ሲስተም ይሻላል? ስቲከር፣ ባለባትሪ መሣሪያና ካሜራ ሲነጻጸሩ

ጠዋት ከቱሉ ዲምቱ፣ ከዓለም ገና፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታና ከለገጣፎ ወደ ከተማ የሚጎርፈውን መኪና በክፍያ ለመቀነስ የሚያስብ ገዢ፣ ገበያ ላይ የሚቀርቡለት ሲስተሞች በመሠረቱ ሦስት ናቸው። ሻጮቹ ሁሉ "መኪናው ሳይቆም ይከፍላል" ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ልዩነቱ የሚታየው ክፍያው ሳይሳካ ሲቀር ነውና ንጽጽሩን ከዚያ እንጀምራለን።

ከዚያ በፊት ግን ክንድ (መኪናውን አስቁሞ ሲከፈል የሚነሳ መዝጊያ ብረት) ያለው ጣቢያ ይሁን ወይስ ክፍት መንገድ የሚለው መወሰን አለበት። በእጅ ብር የሚቀበል አንድ መስመር በሰዓት ከ300 እስከ 400 መኪና ያሳልፋል። በኤሌክትሮኒክ እየተከፈለ ክንድ የሚነሳበት መስመር 1,200 ገደማ ይደርሳል። ምንም ክንድ ሳይኖር ከመንገዱ በላይ በተዘረጋ ብረት ሥር በፍጥነት የሚታለፍበት ደግሞ እስከ 1,800 እና ከዚያም በላይ። መጨናነቅ ለመቀነስ ብሎ ቡራዩ ላይ ክንድ የሚተክል፣ ሰልፉን ከመሀል ከተማ አንስቶ ቡራዩ ላይ አስቀመጠው ማለት ነው። ዋጋውም ቀኑን ሙሉ አንድ ከሆነ ሰው ሰዓቱን የሚቀይርበት ምክንያት የለውም። በፈጣን መንገዱ የለመድነው በርቀት የሚሰላ ክፍያ የመንገዱን ወጪ ይመልሳል፤ ሰልፍ የሚያሳጥረው ግን በጥድፊያ ሰዓት ከፍ፣ በሌላው ሰዓት ዝቅ የሚል ዋጋ ነው።

ካሜራ ብቻ

ገዢን ቶሎ የሚማርከው ይሄ ነው። ባለመኪናው ምንም አይለጥፍም፤ ካሜራው ታርጋ ያነባል፣ ሂሳቡ ለባለንብረቱ ይላካል። ለንደን እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በካሜራ ትሠራለች። ስቶክሆልም በ2006ቱ ሙከራ መኪና ላይ የሚገጠም መሣሪያም ትጠቀም ነበር፤ ካሜራው ብቻውን እንደሚበቃ ስታይ መሣሪያውን ተወችው። የክፍያ ቀጠናውን ድንበር የሚያልፈው መኪናም በ20 በመቶ ገደማ ቀንሶላታል። ሻጭ ይህን ምሳሌ ሳያነሳ አይቀርም። ስቶክሆልም ግን የተሳካላት ታርጋዋ ለማሽን የሚመች፣ የባለንብረት መዝገቧም የታመነ ስለሆነ ነው።

የእኛን ታርጋ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በብዙው መኪና ላይ ባለው ታርጋ በትንሹ የተጻፈ የአገልግሎት ኮድ አለ፦ 1 ታክሲ፣ 2 የግል፣ 3 የንግድ፣ 4 የመንግሥት። አጠገቡ አአ ወይም ኦሮ የሚል የክልል ፊደል፣ ከዚያ ትልቁ ቁጥር። ያው ቁጥር በኮድ 2 አአም፣ በኮድ 3 አአም፣ በኮድ 3 ኦሮም ሊኖር ይችላል። የውጭ ታርጋ የለመደ ካሜራ ትልቁን ቁጥር በትክክል አንብቦ ትንሿን ኮድ ከሳታት፣ አይሱዙው ያለፈበት ሂሳብ ቤት የቆመች ቪትዝ ላይ ይወድቃል። ክረምት ላይ ከኮረኮንች የወጣ መኪና ታርጋው በጭቃ ይሸፈናል። ተሳቢ የሚጎትት መኪናን ከኋላ ያነሳ ካሜራ የሚያገኘው የተሳቢውን ታርጋ ነው፤ ስለዚህ ከፊትም ከኋላም ካሜራ ያስፈልጋል።

ሻጭ "95 በመቶ ያነባል" ሲል እርሳስ ይዞ ማስላት ነው። በቀን 20,000 መኪና በሚያልፍበት በር 1,000 ፎቶ በሰው ዓይን ይታያል። አንዱ ፎቶ 20 ሰከንድ ቢወስድ አምስት ሰዓት ተኩል ነው፤ ንባቡ ወደ 90 በመቶ ቢወርድ 11 ሰዓት። ይሄ ለአንድ በር ብቻ፣ በየቀኑ ነው።

ከሁሉ የከፋው ገንዘቡን መሰብሰቡ ነው። ስንቱ መኪና ነው በውክልና የተሸጠው! ሊብሬው ላይ ያለው ሰው መኪናውን ከዓመታት በፊት ሸጦት ይሆናል፤ ገዢውም በተራው ለሌላ አስተላልፎታል። ካለፈ በኋላ የሚላክ ሂሳብ የሚደርሰው ለዚያ ለመጀመሪያው ሰው ነው። ስለዚህ እዚህ አገር ካሜራን ብቸኛ ገንዘብ ሰብሳቢ ማድረግ አይመከርም። ምስክር ሆኖ ግን በደንብ ይሠራል።

ስቲከር

ባትሪ የለውም፤ መስታወት ላይ የሚለጠፍ ወረቀት መሳይ ነገር ነው። ከላይ የተሰቀለው አንቴና በሬዲዮ ሞገድ ያነቃውና ከ6 እስከ 10 ሜትር ርቀት ላይ መለያ ቁጥሩን ይመልሳል። በዓለም ገበያ የአንዱ ዋጋ ከ1 እስከ 2 ዶላር አካባቢ ነው። ታይዋን ፈጣን መንገዶቿን ከእ.ኤ.አ. 2013 መጨረሻ ጀምሮ ያለ ክንድ በዚህ ታስከፍላለች፤ ህንድም በ2021 በብሔራዊ መንገዶቿ ላይ ግዴታ አድርጋዋለች።

ትልቁ ጥቅሙ ቅድመ ክፍያ መሆኑ ነው። በቴሌብር ወይም በባንክ የተሞላ ሂሳብ ከስቲከሩ ጋር ይያያዛል፤ ሊብሬው በማንም ስም ይሁን፣ የሚከፍለው የሚነዳው ነው። ለማዳረስም ሌላ ቢሮ መክፈት አያሻም፤ መኪና ሁሉ ለዓመታዊ ምርመራ ቀርቦ ቦሎ ሲወስድ ስቲከሩም አብሮ ይለጠፍለታል።

የሚበላሸው አለጣጠፉ ላይ ነው። መስታወቱ ከውስጥ በአልኮል ይጠረግና ይደርቃል፤ ስቲከሩ ከመሀል ወደ ጠርዝ እየተጫኑ ይለጠፋል፤ ከብረቱ ጠርዝ ቢያንስ 5 ሳንቲሜትር ይርቃል። ጥቅስና ሥዕል በሞላበት የሚኒባስ መስታወት ላይ ቦታ አጥቶ የብር ቀለም ካለው ማስጌጫ ሥር ከገባ አይነበብም። በብዛት እየገቡ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው፤ ብዙዎቹ ሙቀት የሚመልስ፣ ስስ የብረት ሽፋን ያለው መስታወት አላቸው፤ እሱ ሞገዱን ይከለክላል። ለእነሱ ሽፋኑ በተተወበት፣ ከመስታወቱ የላይኛው ጠርዝ መሀል ላይ ባለችው ጥቁር ነጠብጣብ ቦታ ላይ መለጠፍ፣ ካልሆነም የፊት መብራት ላይ የሚለጠፈውን ዓይነት ማዘዝ ይገባል። የአንቴናው ኃይል ከበዛ የጎን መስመሩን መኪናም ያነባል፤ አንድ ሰው ለሁለት መኪና ይከፍላል።

ባለባትሪ መሣሪያ

በ5.8 ጊጋኸርዝ የሚሠራው ይሄኛው በንባብ ጥራትና በደህንነት ከሦስቱ ይበልጣል፤ ብዙ የአውሮፓ አገሮች ይጠቀሙበታል። ነገር ግን አንዱ ከ10 ዶላር በላይ ያወጣል፣ ባትሪው ከዓመታት በኋላ ያልቃል፣ መተኪያውም የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። ለጥቂት ሺህ የጭነት መኪናዎች ይሆናል፤ ለከተማ ሙሉ መኪና አይሆንም። በሳተላይት የሚያሰላው ዓይነት፣ ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ለከባድ መኪና የምትጠቀምበት፣ ለአምስት በር ከመጠን ያለፈ ነው።

የምንመክረው

ስቲከሩ ያስከፍል፣ ካሜራው ይመስክር። ስቲከር የሌለው ወይም ሂሳቡ ያለቀ መኪና ፎቶ ይነሳና ለተመዘገበው ስልክ መልእክት ይላካል፤ የጥቂት ቀን ጊዜ ይሰጠዋል፤ ካልከፈለ ዕዳው ቦሎ ሲያሳድስ ይጠብቀዋል።

የጨረታው ሰነድ ላይ ሳይጻፉ መቅረት የሌለባቸው ነገሮች አሉ። ስቲከሩ በዓለም አቀፍ ክፍት ደረጃ የተሠራ ይሁን፤ አለበለዚያ ሱሉልታና ቱሉ ዲምቱ የተለያየ ስቲከር ይጠይቃሉ። እንዳይገለበጥ የምስጢር ቁልፍ ያለው ቺፕ ይጠየቅ። መብራት ሲጠፋ ባትሪ ይቀበል፣ ጄኔሬተርም ይከተል፤ ኔትወርክ ሲቋረጥ በሩ ቢያንስ የ72 ሰዓት መረጃ ራሱ ይያዝ። "ሲስተም የለም" የሚል መልስ በፈጣን መንገድ ላይ አይሠራም። የአንቴናና የካሜራ መለዋወጫ ከዋናው ዕቃ ጋር አብሮ ይገዛ፤ ኋላ ምንዛሪ ይጠበቃል። ሰበታ ወይም ለገጣፎ አድሮ በቀን ሁለት ሦስቴ የሚመላለስ ሰው እንዳይጎዳ ሲስተሙ የቀን ክፍያ ጣሪያ ማስላት ይቻለው፣ የሕዝብ ማመላለሻ ተለይቶ ነጻ ይለፍ።

ርክክቡ ላይ 1,000 ማለፊያ ይሞከር፦ በ20፣ በ60 እና በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ በሌሊት፣ በዝናብ፣ ሁለት መኪና ጎን ለጎን፣ ተሳቢም ጨምሮ። ሰዓቱም ይፈተሽ፤ "ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት" የሚለው ዋጋ ከውጭ በመጣው ሶፍትዌር ላይ ከ7 እስከ 9 ተብሎ ካልገባ ጠዋት የሚያልፈው ሰው በሌሊቱ ዋጋ ይከፍላል። በነሐሴ የተገዛ የወር ክፍያ ጳጉሜ ላይ ምን እንደሚሆንም ፊርማ ከማኖር በፊት ሻጩ በስክሪን ላይ ያሳይ።