መጽሐፍ፣ ስልክ፣ አስጠኚ ወይስ የካርቶን ሳጥን? ለመግቢያ ፈተና የተመሳሳይ ቃላት ልምምድ

ልጄ ስምንተኛ ክፍል ናት። ለዘጠነኛ ሌላ ትምህርት ቤት ልናስገባት አስበናል። የመግቢያ ፈተናው እንግሊዝኛ ላይ የቃላት ክፍል አለው፤ አንድ ቃል ይሰጥና ተመሳሳዩን ምረጡ ይላል። የመጀመሪያውን የልምምድ ወረቀት ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር።

አንዱ ጥያቄ ስለ አንዲት እናት ነው። «ትሪፍቲ» ናት ይላል፤ በወር መጨረሻ ሁልጊዜ ትንሽ ገንዘብ ይተርፋታል። ልጄ ከምርጫዎቹ «ስቲንጂ» የሚለውን አከበበች። መልሱ «ኢኮኖሚካል» ነበር። የቃላት ዝርዝሯን ገልጬ አየሁት። ትሪፍቲን «ገንዘብ የማያወጣ» ብሎ ተርጉሞታል። ስቲንጂንም እንዲሁ።

«እማ፣ ሁለቱም ገንዘብ አያወጡም እኮ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። አንዷ ግን ቆጣቢ ናት፣ ሌላዋ ቆንቋና። ዝርዝሩ ይህን አልነገራትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አራት ዓይነት መለማመጃ ሞክረናል። የምንኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። መጽሐፍ ፍለጋ ወደ መሀል ከተማ ወርዶ መመለስ ግማሽ ቀን ይበላል። መብራትም ይጠፋል። ስለዚህ ለመሀል ከተማ ሰው የሚመች ነገር ሁሉ ለእኛ አይመችም። ዳር ያላችሁ ወላጆች ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ብታነቡት ብዬ ነው የጻፍኩት።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንስማማ። ተመሳሳይ ቃል ማለት እኩል ቃል ማለት አይደለም። በራሳችን ቋንቋ እዩት። ሞተ፣ አረፈ፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ፤ ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚናገሩት። የጎረቤት አባት ሲሆኑ «አረፉ» እንላለን። ውሻው ግን «ሞተ» እንጂ «አረፈ» አይባልም። ሰጠ፣ ለገሰ፣ አበረከተም እንደዚያው ናቸው። ልጆቻችን ይህን በአማርኛ ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል፤ ቃሉን በዓረፍተ ነገር ውስጥ ሺህ ጊዜ ሰምተውታላ። በእንግሊዝኛም የሚያስፈልጋቸው ይኸው ነው። ማንኛውንም መለማመጃ የምመዝነው በሁለት ጥያቄ ነው። ቃሉን በዓረፍተ ነገር ያሳያል? ልጁ መልሱን ከማየቱ በፊት ከራሱ እንዲያወጣ ያስገድዳል?

መጽሐፍ። ሁለት ዓይነት ገዝተናል። አንዱ እዚሁ የተዘጋጀ፣ ብዙ ሺህ ቃል ከነአማርኛ ትርጉሙ የደረደረ ነው። ወፍራም ስለሆነ ዋጋ ያለው ይመስላል። አንድ ቃል፣ አንድ ትርጉም፣ ቀጣዩ። ልጄን ያሳሳታት እሱ ነው። ሁለተኛው ቀጭን ነው። በየምዕራፉ ሃያ ገደማ ቃል ብቻ አለው፤ ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ መልመጃ፣ መጨረሻ ላይ መልስ። ቀጭኑ ይሻላል፣ ያውም በብዙ።

ፎቶኮፒ ስትገዙ ግን እዚያው ቆማችሁ የመጨረሻዎቹን ገጾች ግለጡ። የእኔ የመጀመሪያው ቅጂ የመልሱ ገጽ አልነበረውም፤ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው ያወቅሁት። ለአንድ ቅጠል ወረቀት እንደገና ያን ሁሉ መንገድ ሄድኩ።

ለአሜሪካ ፈተና የተዘጋጁ መጻሕፍትም ገበያ ላይ አሉ። በተለይ ኤስኤስኤቲ ለሚባለው፣ እዚያ የግል ትምህርት ቤት መግቢያ ለሆነው ፈተና የተጻፉት። የዚያ ፈተና የቃላት ክፍል በ30 ደቂቃ 60 ጥያቄ ነው፤ 30ው ተመሳሳይ ቃል፣ 30ው የቃላት ዝምድና። ቃሉ ያለ ዓረፍተ ነገር ብቻውን ይመጣል፣ ምርጫው አምስት ነው። ለተሳሳተ መልስም ሩብ ነጥብ ይቀነሳል። መጽሐፎቹ ጥሩ ናቸው፣ ቃላቱ ግን ለስምንተኛ ክፍል ልጅ ከበድ ይላሉ። ደግሞ «ካላወቅህ ዝለለው» የሚል ምክር ታገኛላችሁ። ያ ምክር ከቅጣቱ የመጣ ነው። ልጃችሁ የሚፈተንበት ትምህርት ቤት ነጥብ የማይቀንስ ከሆነ ባዶ መተው ኪሳራ ነው። አስቀድማችሁ ጠይቁ።

መጽሐፍ ስትመርጡ አንድ ተጨማሪ ነገር ፈልጉ። እንግሊዝኛ ለአንድ ነገር አጭርና ረጅም ቃል የሚይዘው በታሪኩ ምክንያት ነው። በ1066 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የፈረንሳይኛ ቃላት ገቡ፣ ከላቲን የመጡም ተከተሉ። የድሮው ቃልም አልጠፋም። ስለዚህ ቢጊን እና ኮሜንስ፣ ሄልፕ እና አሲስት፣ ሀይድ እና ኮንሲል፣ ኢናፍ እና ሰፊሸንት ጎን ለጎን ይኖራሉ። ፈታኝ ደግሞ እንዲህ ያለ ጥንድ ይወዳል። አጭሩን ልጁ ያውቀዋል፤ ረጅሙን ከአጭሩ ጋር አያይዞ የሚያቀርብ መጽሐፍ ካገኛችሁ ውሰዱት። ልጄ እነዚህን ጥንዶች «የሰፈር ቃልና የቢሮ ቃል» ትላቸዋለች።

ስልክ። እዚህ ሁለት ነገሮችን ለዩ። ቴሌግራም ላይ ያሉት የኩዊዝ ቻናሎች ነፃ ናቸው፤ ልጁ ይነካል፣ አረንጓዴ ወይም ቀይ ይበራል። ይማርካል። ግን ብዙ ጊዜ ለምን እንደተሳሳተ ማብራሪያ አያገኝም፤ የተሳሳተ መልስ «ትክክል» ተብሎም አጋጥሞኛል። ከኩዊዙ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ቻናል አለ፣ ከዚያ ሌላ። ሃያ ደቂቃ ሰጥቻት አንድ ሰዓት ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አንኪ የሚባለው የካርድ መተግበሪያ ሌላ ነገር ነው። አንድሮይድ ላይ በነፃ ይጫናል፣ አይፎን ላይ ግን ይከፈልበታል። አንዴ ካርዶቹ ከገቡ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ፓኬጅ አይበላም። የሳተችውን ቶሎ፣ ያወቀችውን ዘግይቶ ይጠይቃታል። ድካሙ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ካርዶቹን ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ሰው ይፈልጋል። ስልኩም የእኔ ነው፤ ሥራ ስሄድ አብሮኝ ይሄዳል። ለልጁ የተለየ ስልክ ላላችሁ ግን ከነፃ ነገር ይህን የሚያህል አላየሁም።

አስጠኚ። ከሁሉም ውድ ነው። ለአስጠኚው ለአንድ ወር የከፈልኩት ከሁለቱ መጻሕፍት ድምር በላይ ነበር። እኛ ያገኘነው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ትሑት ልጅ ነው፣ በሳምንት ሁለቴ ይመጣ ነበር። መጀመሪያ ላይ ዝርዝር እያስያዘ ይጠይቃት ነበር። ያን እኔም እችላለሁ። አንድ ቀን «ቲቸር፣ ፌመስ እና ኖቶሪየስ ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችው። መጽሐፉን ዘጋና «ዘፋኝና ሌባ አስቢ። ሁለቱንም ሀገር ያውቃቸዋል» አላት። ያን ቃል እስከ ዛሬ አልሳተችውም። የአስጠኚ ዋጋ እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ቃል እንዲያስሸመድድ አትክፈሉት። የሳተቻቸውን ቃላት በሳምንት አጠራቅማችሁ ልዩነታቸውን እንዲያስረዳ ክፈሉት። እኛ በወር ሁለቴ አደረግነው፣ ወጪው ቀነሰ፣ ጥቅሙ ግን አልቀነሰም።

የካርቶን ሳጥን። የጫማ ካርቶን ወስደን በሦስት ከፈልነው። ወፍራም ወረቀት ቆረጥን። ከፊት ቃሉ፣ ከኋላ ተመሳሳዩና አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሁሉም በእሷ እጅ ጽሑፍ። ያወቀችው ካርድ ወደ ቀጣዩ ክፍል ያልፋል፣ የሳተችው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የመጀመሪያው ክፍል በየቀኑ ይታያል፣ ሁለተኛው በሦስት ቀን፣ ሦስተኛው በሳምንት። ዘዴው የእኔ አይደለም፤ ጸሐፊው ሴባስቲያን ላይትነር በ1972 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ነው። ሰው የተማረውን መጀመሪያ ላይ በፍጥነት እንደሚረሳ ደግሞ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. በራሱ ላይ ሞክሮ አሳይቷል። አንዴ ያነበቡት ዝርዝር የማይቀመጠው ለዚህ ነው።

መብራት ሲጠፋ ሻማ ለኩሰን ሠርተናል። አውቶቡስ ወረፋ ላይም አሥር ካርድ ኪሷ ውስጥ ነበር። ችግሩ ስህተት ከጻፈች ስህተቱን መሸምደዷ ነው። ካርዱን ከመጽሐፉ ጋር የሚያመሳክር ሰው ያስፈልጋል፤ እንግሊዝኛ ብዙ ባትችሉም ፊደል ለፊደል ማየት ትችላላችሁ።

እኔ ዛሬ እንደ አዲስ ብጀምር ዓረፍተ ነገር ያለውን ቀጭኑን መጽሐፍ እገዛለሁ፣ ሳጥኑን እሠራለሁ፣ በቀን አሥር አዲስ ቃል ብቻ አስገባለሁ። አስጠኚ የምጠራው የተሳቱ ቃላት ሲጠራቀሙ ነው። ወላጅ አምሽቶ የሚገባበት ቤት ከሆነና ለልጁ ስልክ ካለው አንኪ ከሳጥኑ ይቀላል፤ ማንም ባይቆጣጠርም ራሱ ያስታውሳል። ልጁ ብቻውን ጨርሶ የማይቀመጥ ከሆነ ግን ገንዘቡን ለአስጠኚ አውሉት፤ መጽሐፉ አቧራ ከሚጠጣ።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ብቻ ከቀረው አዲስ መጽሐፍ አትግዙ። የድሮ የልምምድ ወረቀቶቹን አውጡ፣ የሳተውን ብቻ ካርድ ላይ አስጽፉት። ከእያንዳንዱ ስህተት አጠገብ ደግሞ የመረጠውን የተሳሳተ ቃል አብሮ ይጻፍ። ትሪፍቲ ካርድ ጀርባ ላይ ልጄ በቀይ «ስቲንጂ አይደለም፣ እማ ስቲንጂ አይደለችም» ብላ ጽፋለች።