የቮልሴን የዘይት ፍሳሽ ላስቆሙልኝ መካኒክ ምስጋና፣ ለባለ ቮልሶችም ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ። ቮልስ ይዛችሁ «ከስር ዘይት ይጥላል፣ ማን ጋ ልውሰደው?» እያላችሁ የምትጠይቁ፣ ትንሽ ቢረዝምም ይሄንን አንብቡልኝ።

የእኔዋ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1967 ስሪት ናት፣ ሞተሯ 1300። የምትጥለው ሞተሩና ካምቢዮው ከሚገጣጠሙበት ስር ነበር። ግቢያችን ሴራሚክ ስለሆነ ጎረቤት እንዳይቀየመኝ ማታ ማታ ካርቶን አነጥፍላታለሁ። ማሞቂያውን ስከፍት የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። በኋላ ደግሞ ባሰና ዳገት ላይ ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ጀመረ፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን አትወጣም። አንድ ጋራዥ (ስም አልጠራም) የቮላኖውን (ፍሪሲዮኑ የሚገጠምበትን ከባድ ክብ ብረት) ኦይል ሲል፣ ማለትም ዘይት የሚያግደውን ቀለበት ጎማ፣ ቀይሮልኝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ያው ሆነች። ተመልሼ ስሄድ «እንግዲህ ካምቢዮው ይውረድ» ተባልኩ፤ የእጅ ዋጋውን ስሰማ ዝም ብዬ ወጣሁ።

አንድ ወዳጄ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያሉ አንድ አዛውንት ጋ ላከኝ። ስማቸውን እዚህ አትጻፊ ስላሉኝ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ነው እስከዛሬ የሚገርመኝ። ከስር ገብተው ከመጋጠሚያው ላይ በጣታቸው ጠረግ አደረጉ፣ አሻሹት፣ አሸተቱት፣ ከዚያ ጣታቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። «እስቲ አሽቺው ልጄ።» የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ አለው። የካምቢዮ ዘይት ውስጥ ድኝ ስላለበት ነው እንዲህ የሚሸተው፤ የሞተር ዘይት እንደዛ አይሸትም፣ ቀጠን ያለና ጥቁር ነው። እዚያው መጋጠሚያ ላይ ሁለቱም ነበሩ። ያኛው ጋራዥ ሲሉን ቀይሮም ያልቆመው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፤ የሚያፈሱት ሁለት ነበሩ።

ቢሆንም አልፈቱም። ሞተሩን ከስር በነጭ ጋዝ አጥበው በአየር አደረቁት፣ ከዚያ ለረዳታቸው «ፓውደሩን አምጣ» አሉ። የሕፃን ፓውደር! ከስር ሁሉን ነገር ነጭ አደረጉትና «በይ በስድስት ኪሎ አድርገሽ ሽሮ ሜዳን አልፈሽ እንጦጦ ውጪና ተመለሺ» አሉኝ። ስመለስ ክሪክ ላይ ሰቅለው በባትሪ አሳዩኝ። ነጩ ፓውደር ላይ ዘይቱ የሄደበት መንገድ እንደ ካርታ ተስሏል። አንዱ መስመር ከመጋጠሚያው ነው። ሌላው በግራ በኩል፣ ቫልቮላ የሚገፉት ዘንጎች ከሚያልፉባቸው ቱቦዎች። ሦስተኛው ከግራው የኋላ ሴሚያስ (ከካምቢዮው ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ) ላስቲክ፣ ስንጥቁ በዓይን ይታያል። የቀኙን ላስቲክ ደግሞ «ይሄ ደህና ነው፣ ለምን ትከፍያለሽ?» ብለው ተዉት። ለእኔ ሙያቸውን ያመንኩት እዚህ ጋ ነው።

ሞተሩ ወረደ። ቮልስ በዚህ ደግ ናት፣ አራት ማሰሪያ ነው የያዛት፤ ኋላዋን ከፍ አድርገው ሁለት ሆነው አወጡት። የፍሪሲዮኑ ዲስክ ዘይት ጠጥቷል። ረዳታቸው በቤንዚን ይታጠብ ቢል ጋሼ አልተቀበሉትም፤ ሸራው አንዴ ከጠጣ ሲሞቅ መልሶ ያወጣዋል፣ በአዲስ ነው የሚቀየረው።

ቀጥሎ ሰዓት የመሰለች መለኪያ ቮላኖው ላይ ደግነው ኮሎውን (ቮላኖው የታሰረበትን የሞተሩን ዋና ዘንግ) ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቀሱት። ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ብቻ መላወስ የሚገባው የእኔው 0.30 ደርሷል። ዋናው ነገር ይሄ ነበር። ፍሪሲዮን በረገጥኩ ቁጥር ኮሎው ይገፋል፣ ቮላኖው ገባ ወጣ ይላል፣ የትኛውም ሲል ቢገጠም ይበላል። ይሄ የሚስተካከለው ከቮላኖው ጀርባ በሚገቡ ሦስት ስስ ቀለበቶች ነው፤ ውፍረታቸው እየተለካ ይመረጣል። ያኛው ጋራዥ አለመለካቱን ጋሼ ሳይናገሩ ገባኝ። ደግነቱ ኩሽኔታው ሞተሩ ውስጥ አልላላም፤ ቢላላ ኖሮ ሞተሩ ለሁለት ይከፈል ነበር። የቮላኖው አንገትም ላይ አሮጌው ሲል የቀረጸው መስመር ስለነበር ቶርኖ ቤት ልከው አስለሰለሱት።

ካምቢዮው? አልወረደም! ሞተሩ ከወጣ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ፊት ለፊት ነው፤ ሲሉን እዚያው ባለበት ነቅለው አዲሱን አስገቡ።

ቱቦዎቹን ለማግኘት የግራው ቴስታታ (ቫልቮላዎቹ ያሉበት የሞተሩ ራስ) ተነሳ። ጫፋቸው እንደ አኮርዲዮን ስለታጠፈ ሲገጠሙ ይጨመቃሉ፤ ሌላ ጋራዥ አሮጌውን ቱቦ እንዳለ መልሶ ይከታል፣ ያጠረ ቱቦ ደግሞ ሲሉን አይጫንም። ጋሼ እያንዳንዱን በሁለት እጃቸው ሳብ እያደረጉ በመለኪያ 190 ሚሊሜትር ትንሽ እስኪያልፍ አስረዘሙት። የዛጉትን ሁለቱን ጣሏቸው። ሲገጥሙም የቱቦው ስፌት ወደ ላይ እንዲዞር አደረጉ፣ ስፌቱ አንድ ቀን ቢከፈት ዘይቱ እንዳይወርድ።

የቮላኖውን ዳዶ ሲያጠብቁ ማየት አለባችሁ። 30 ኪሎግራም ሜትር ነው የሚፈልገው፣ ማለትም 1 ሜትር ቱቦ ቁልፉ ላይ ሰክቶ ጫፉ ላይ 30 ኪሎ መጫን። «ወጣቶቹ በጉልበት ይላሉ፣ እኔ በቁጥር ነው» ይላሉ።

ከኮፓው (የሞተሩ ዘይት ከሚጠራቀምበት) ስር ያለውን የዘይት ወንፊት ስንከፍት ደግሞ የሲሊኮን ቁርጥራጮች ተጣብቀውበት አገኘን፣ ጥቁርና የተጠቀለሉ። ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረት መካከል ገብቶ ዘይት የሚያግደው ስስ ንጣፍ) በሚገባበት ቦታ ሲሊኮን የለቀለቀ ሰው አለ ማለት ነው። እባካችሁ ይሄንን አታስደርጉ። ቮልስ የምትይዘው 2.5 ሊትር ዘይት ብቻ ነው፣ በውሃ ሳይሆን በአየርና በዚያው ዘይት ነው የምትቀዘቅዘው። ወንፊቱ ከተዘጋ ፍሳሹ ሳይሆን ሞተሩ ነው የሚያልቅላችሁ።

የሴሚያሱ ላስቲክ ከመካከል ተከፍሎ በብሎን የሚዘጋው ዓይነት ነው። ብሎኖቹን የመጨረሻ ያጠበቁት መኪናዋ ከክሪክ ወርዳ በእግሯ ስትቆም ነው፤ ተሰቅላ ቢጠብቅ ስትወርድ ይጠማዘዛል። ካምቢዮው ላይ 90 ቁጥር ዘይት፣ ጂኤል 4 የሚለውን፣ በጎን ካለው ቀዳዳ እስኪመለስ ሞሉ።

ስለ መለዋወጫ። መኪናዋ በፈረንጅ 2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ የመጨረሻዋ ከወጣች ወዲህ የትም አትመረትም፣ ሲሎቹ ግን አሁንም አዲስ ይሠራሉ። ሶማሌ ተራ ዞሬ የቡሽ ጓርኒሲዮንና የፍሪሲዮን ዲስክ አገኘሁ። የቮላኖውን ሲል ግን ጋሼ ጨብጠው «ይሄ ደርቋል» ብለው መለሱብኝ። ጀርመን ያለችው እህቴ ኤልሪንግ የሚል ስም ያለበትን ሲል ከሙሉ ጓርኒሲዮኑ ጋር በሚመጣ ሰው ላከችልኝ። ውጭ ዘመድ ያላችሁ እንዲህ አድርጉ፣ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም። በእኛ አቆጣጠር ከ2016 ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በተከለከለበት አገር፣ ያለንን ይዘን መቆየታችን ነውና።

ውጤቱስ? ካርቶኑን አንስቻለሁ፣ ዳገትም ትወጣለች፣ ምርመራውንም አልፋ ቦሎዋን ለጥፋለች። ጋሼ ግን «ጭራሽ የማታልብ ቮልስ ካየሽ ዘይት የሌላት ናት» ብለው ስለሚቀልዱ አልፎ አልፎ ጠብ ብትል አትደንግጡ።

ዋጋውን ቀድመው ነግረውኝ ነበር፣ ሲያልቅም ያው ነው፤ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ በፌስታል አድርገው ሰጡኝ። እንግዲህ ጉድለታቸውንም ልንገራችሁ፦ ቀስ ይላሉ። ሁለት መኪና ከያዙ ሦስተኛ አይቀበሉም። በወር በ12 ለሚካኤል አይሠሩም። አውቶማቲክ ካምቢዮ ይዛችሁ ብትሄዱ ሳይከፍቱ ይመልሷችኋል። ለቮልስ፣ ለድሮ ፔጆና ለፊያት ግን ሌላ ቦታ አትድከሙ።

ጋሼ፣ ይሄንን የሚያነብልዎት ሰው ካለ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ቁጥራቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትደውሉ ቶሎ አያነሱም፣ መኪና ስር ናቸው፤ ከምሳ በኋላ ሞክሩ። ደግሞ መኪናውን አጥባችሁ አትሂዱ፣ ፍሳሹን እንዳለ ማየት ይፈልጋሉ።