ለደብረ ማርቆስ ብርድ ጋቢ ወይስ ጃኬት?

በታኅሣሥ ደብረ ማርቆስ የምትሄዱ ከሆነ ብርዱን አትናቁት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጠዋትና ማታ ያንዘፈዝፋል።

ለሙቀት ብቻ ከሆነ ጋቢን የሚያህል የለም። አራት ድርብ ጥጥ ነው፤ በድርቦቹ መካከል የሚቀረው አየር ሙቀት ይይዛል። ሌሊት ብርድ ልብስም ይሆናል። ችግሩ ስትንቀሳቀሱ ነው። ባጃጅ ውስጥ ነፋሱ ጫፉን ይገልበዋል፤ አንድ እጃችሁ እሱን ሲሰበስብ ይውላል። ከረጠበ ደግሞ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም።

ጃኬት ነፋስ ይመክታል፣ ኪስም አለው። ወገብ ላይ የሚያልቀውን ፋሽን ግን ተዉት፤ ዳሌ የሚሸፍን ይሁን። ከአዲስ አበባ በመኪና ከመጣችሁ መንገዱ ደብረ ማርቆስ ሳይደርስ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ እዚያ ላብ በላብ ነው። ስለዚህ ከውስጥ ከአንድ ወፍራም ሹራብ ይልቅ ሁለት ስስ ልበሱ፤ አንዱን ታወልቃላችሁ።

ለዝነጣስ? ጥቁር ጃኬት ከጂንስ ጋር የትም ያስኬዳል። ለቅሶ ቤት ግን ጋቢው ነው የሚያምረው፤ ጃኬት ላይ ጣል ብታደርጉትም ያስኬዳል። እኔ ብሆን ቀን ጃኬት፣ ማታ ጋቢ። ካልሲው በሁለቱም ወፍራም ይሁን።