አዳማ አካባቢ የውሃ ፊልተር የሚሞላላችሁ ሰው ለምትፈልጉ

ሰላም ወገን፣ አንድ ልጅ ላመሰግንና በዛውም ልጠቁማችሁ ነው። አዳማ ያለው ፔንሲዮናችን ውሃው ከራሳችን ጉድጓድ ነው፣ ደለል ስላለው ፊልተር (ጠጠርና አሸዋ የሚሞላ ታንክ) አስገጥመን ነበር፣ ግን ከተገጠመ በኋላ ጭራሽ ባሰበት፣ የሻወሩ ወንፊት በአሸዋ ይደፈናል፣ ነጭ አንሶላ ታጥቦ ቡኒ ሆኖ ይወጣል፣ እንግዳ ይነጫነጫል። የገጠመው ሰውዬ ስንደውል አያነሳም፣ ሲያነሳም ጉድጓዳችሁ ነው ብሎ ይዘጋዋል በቃ።

ከዛ ሆቴል ያላት ጓደኛዬ ይሄን ልጅ ላከችልኝ። ከሻወሩ የወጣውን አሸዋ መዳፉ ላይ አሸት አሸት አረገና "ይሄ ከጉድጓድ አይደለም፣ ከራሱ ከፊልተሩ ነው የሚወጣው፣ እታች ያለው ወንፊት ተሰብሯል" አለ። ታንኩ ሲራገፍ እውነትም ወንፊቱ ተሰንጥቋል። ለካ ያኔ ደረቅ ታንክ ውስጥ ጠጠሩን ከላይ ለቀውበት ነው፣ አሸዋውም የግንባታ አሸዋ፣ ጭቃ ያለው! እስቲ የግንባታ አሸዋ ፊልተር ውስጥ ምን ይሰራል?

የሱን አሞላል ቆሜ ነው ያየሁት። አዲስ ወንፊት ገጠመ፣ መሃል የሚቆመውን ቱቦ ከታንኩ አፍ እኩል ቆረጠና ጫፉን በላስቲክና በፕላስተር ጥርቅም አርጎ አሸገው፣ አንድ ጠጠር ከገባበት ቫልቩ ጋ ሄዶ ይቀረቀራላ። ከዛ ታንኩን ሲሶ ያህል ውሃ ሞላው፣ ጠጠሩ ውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚሰምጥ ወንፊቱን አይመታውም። ሃይላንድ ቆርጦ እንደ ማፍሰሻ ተጠቀመበት፣ ቱቦው እንዳያዘም በአንድ እጁ ይዞ መጀመሪያ ወፍራሙን ጠጠር ወንፊቱን እስኪሸፍን፣ ቀጥሎ ደቃቁን፣ ከላይ ከ0.4 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር የሆነውን ሲሊካ አሸዋ ጨመረ። ወንድሜ "ጎሎ የለ እንዴ፣ እስከ አፉ ሙላው እንጂ ከፍለንበታል" ሲለው ሳቀ፣ ባክዋሽ ሲደረግ (ፊልተሩን ለማጠብ ውሃው ከታች ወደ ላይ ሲለቀቅ) አሸዋው ወደ ላይ ስለሚነሳ ቦታ ካላገኘ በፍሳሹ ወጥቶ ነው የሚያልቀው፣ ስለዚህ ከታንኩ ሲሶ በላይ ባዶ ይተዋል።

ሁለተኛው ታንክ የካርቦን ነው፣ ሽታ የሚያወጣው የከሰል ፍርፋሪ። ካርቦኑን በርሜል ውስጥ 24 ሰዓት ዘፈዘፈው፣ ደረቁን ከተጨመረ አየር ስለሚይዝ ይንሳፈፍና በመጀመሪያው ባክዋሽ ይሄዳል አለ። አሸዋውን በክሎሪን ያከመው ከካርቦኑ ሳይያያዝ በፊት ነው፣ ካርቦን ክሎሪኑን ይበላዋል። ባክዋሹንም በስሱ ከፍቶ ነው የጀመረው፣ የወጣው ውሃ መጀመሪያ ጥቁር ቡና ነበር የሚመስለው፣ ጥርት እስኪል ጠበቀና ከዛ በኋላ ነው ወደ ቤት የለቀቀልን። የክዳኑን ጎማ ወንድሜ ቫዝሊን ሊቀባው ሲል ቀማው፣ ጎማ ያበላሻል፣ የሲሊኮን ቅባት ነው የሚቀባው። ሲሄድ ታንኩ ላይ በማርከር "የሁለቱ ጌጅ ልዩነት 0.5 ባር ሲሆን ባክዋሽ" ብሎ ጻፈልን፣ ጌጅ ያለው ከፊልተሩ በፊትና በኋላ ያለውን የግፊት መለኪያ ነው፣ አሁን የጽዳት ሰራተኛችን ራሷ ታደርገዋለች።

ግን እኔን የገዛኝ ሌላ ነው። እናቴ "ታዲያ አሁን ይጠጣል?" ስትለው "እማማ ይሄ ደለልና ሽታ ነው የሚያወጣልዎት፣ ፍሎራይድ አይነካም፣ ላብራቶሪ ያስመርምሩት" አላት። ስምጥ ሸለቆ መሆናችንን ታውቃላችሁ፣ ጥርስ የሚያበልዘው እሱ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ለሱ የአጥንት ከሰል ወይ ሌላ ለብቻው የተሰራ ማጣሪያ ያስፈልጋል። ሌላው ቢሆን አዎ ይጠጣል ብሎ ብሩን ተቀብሎ ነበር የሚሄደው። ለመጠጥ የከተማውን ውሃ ነው የምንጠቀመው፣ ለሻወርና ለላውንደሪ ግን ተገላገልን፣ አንሶላውም ነጭ ሆኖ ይወጣል። እጁን ይባርከው።

ስሙንና ስልኩን እዚህ እንዳላወጣ ስለጠየቀኝ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ትራንስፖርቱን ከቻላችሁ ሞጆና ቢሾፍቱም ይሄዳል። ከመደወላችሁ በፊት የታንኩን ቁመትና ወርድ ለኩ፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።