እናቴን በ«አትደውሉልኝ» መዝገብ ካስመዘገብኳት በኋላ

የማታውቁት ቁጥር ሲደውል አታንሱ። እዚህ አሜሪካ ሁሉም ሰው የሚሰጠው ምክር ይኸው ነው። እኛ ቤት ግን አይሠራም። ከአገር ቤት የሚደወል ስልክ በምን ቁጥር ብቅ እንደሚል አይታወቅም፤ አንድ ቀን ከካሊፎርኒያ፣ ሌላ ቀን ከአውሮፓ የመጣ ይመስላል። እህቷ የምትደውልላት በዚያ ነው። ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደች፣ ማን እንዳረፈ የምትሰማውም በዚያ ነው። ስለዚህ እማዬ የተደወለውን ሁሉ ታነሳለች።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ስልኳ ወጥ ቤት ውስጥ ከረከቦቱ አጠገብ ይቀመጣል። ሲጮህ እጇን በሽርጧ ጠራርጋ ታነሳና «ሃሎ» ትላለች። ጸጥታ። «ሃሎ! ይሰማል?» አሁንም ጸጥታ። በስልክ ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች ማሽን በአንድ ጊዜ ብዙ ቁጥር ይደውልና ሰው ያነሳውን ብቻ ለሻጩ ያገናኛል። ያቺ የሁለት ሦስት ሰከንድ ዝምታ የምትመጣው ከዚህ ነው። እማዬ ግን ድምፅ ዘግይቶ የሚደርስበትን የአገር ቤት መስመር ለዓመታት ለምዳለች። ዝምታ ስትሰማ ሌላው ሰው ስልኩን ይዘጋል፤ እሷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትጠብቃለች። ሻጩ ሲመጣ ጆሮዋን ሰጥታ የቆመች እናት ያገኛል።

ባለፈው ጥር ከሥራ ስመለስ በራችን ላይ አንድ ካርቶን አገኘሁ። ውስጡ ሁለት የጉልበት ድጋፍና አንድ ሰፊ የወገብ መቀነት ነበረ። ስጠይቃት «አንድ ልጅ ደውሎ ጉልበትሽን ያምሻል ወይ አለኝ። ያመኛል አልኩት» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ያማታል። ልጁ የሜዲኬር፣ ማለትም የመንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን፣ ቁጥሯንም ጠይቋት ካርዷን ከቦርሳዋ አውጥታ አንብባለታለች። በማግስቱ ለሜዲኬር ደውዬ አመለከትኩ። እማዬ ግን ለብዙ ቀናት ጥፋተኛ እንደሆነች ሁሉ አቀርቅራ ነበር የምትውለው። እኔን ያቃጠለኝ ከካርቶኑ ይልቅ ይህ ነበር።

በዚያው ሳምንት በብሔራዊው «አትደውሉልኝ» መዝገብ ላይ አስመዘገብኳት፤ ሻጮች እንዳይደውሉላችሁ የስልክ ቁጥራችሁን የምታስገቡበት ዝርዝር ነው። ለብዙ ዓመታት እዚህ ስኖር ስሙን ሰምቼ እንጂ ተጠቅሜበት አላውቅም ነበር። መዝገቡን የሚያስተዳድረው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ነው። ምዝገባ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2003 ሲሆን ሕጉ መሥራት የጀመረው በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። የስልክ ነጋዴዎች የመናገር ነፃነታችን ተነካ ብለው ከሰው ነበር፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2004 መዝገቡን አጸናው። ዛሬ ከ250 ሚሊዮን በላይ ቁጥሮች ተመዝግበውበታል።

አመዘጋገቡ እጅግ ቀላል ነው። ከሚመዘገበው ስልክ ላይ ሆናችሁ ወደ 1-888-382-1222 ትደውላላችሁ። እኔ በእማዬ ስልክ ደወልኩ፣ ቁጥሯን አስገባሁ፣ አረጋገጥኩ። ቡናው ሁለተኛው ሳይቀዳ አለቀ። በድረ ገጽም ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን በኢሜይል የሚላከውን ማረጋገጫ በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጫናችሁት ምዝገባው አይጸናም። ክፍያ የለውም፤ የቤትም የእጅም ስልክ ይቀበላል፤ ጊዜው አያልፍበትም። በየጊዜው በሰው ስልክ የሚዞረው «የእጅ ስልክ ቁጥራችሁ በቅርቡ ለነጋዴዎች ሊሰጥ ነው፣ ፈጥናችሁ ተመዝገቡ» የሚል መልእክት ሐሰት ነው። ደግሞም ኮሚሽኑ ራሱ ለማንም ደውሎ «ላስመዝግብዎ» አይልም። እንዲህ ብሎ የደወለ ሰው አጭበርባሪ ነው።

ሻጮቹ ዝርዝሩን አይተው ቁጥራችሁን ከደብተራቸው እንዲያወጡ 31 ቀን ይሰጣቸዋል። እኔ ያን አንድ ወር በትዕግሥት ጠበቅሁ። ከዚያ በኋላ የመስኮት ቀያሪው፣ የጣሪያ ጠጋኙ፣ የምንጣፍ አጣቢው ጥሪ ቆመ። በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ይጮህ የነበረው ስልክ ወደ ሁለትና ሦስት ወረደ። በመዝገቡ ላይ ላለ ቁጥር የደወለ ድርጅት ለአንድ ጥሪ ብቻ ከ50,000 ዶላር በላይ ሊቀጣ ስለሚችል አድራሻ ያለው፣ ግብር የሚከፍል ነጋዴ ይፈራል።

የቀሩት ሁለትና ሦስት ጥሪዎች የማን ናቸው? የመኪና ዋስትናዎ አልቋል የሚለው የተቀዳ ድምፅ፣ የሜዲኬር ጥቅም አለዎት የሚለው ልጅ፤ የሌቦቹ ማለት ነው። መዝገቡ ዝርዝር ነው እንጂ ጥሪ አይዘጋም። ሕግ የማይፈራ ሰው ዝርዝሩን ከፍቶም አያይም። እንዲያውም ቁጥሩን ቀይሮ በእኛው አካባቢ መነሻ ቁጥር በ301 ጀምሮ ይደውላልና የጎረቤት ስልክ ይመስላል። ብዙ ሰው «ተመዝግቤ ነበር፣ ምንም አልጠቀመኝም» የሚለው በዚህ ነው። እኔ ግን ትልቁን ጥቅም ያገኘሁት እዚሁ ላይ ነው። ቀድሞ እማዬ ደህናውን ሻጭ ከሌባው የምትለይበት መንገድ አልነበራትም፤ ሁለቱም ትሑት ናቸው፣ ሁለቱም «እንዴት ዋሉ» ይላሉ። አሁን ደህናው ስለማይደውል አንድ ነገር ብቻ ነገርኳት፦ እማዬ፣ ሳታዝዢ ደውሎ የሚሸጥልሽ ሁሉ ሌባ ነው። ይህንን ያለ ይሉኝታ ልነግራት የቻልኩት በመዝገቡ ምክንያት ነው። ፊቱ ላይ ስልክ መዝጋት ነውር የሚመስላት ሴት አሁን ትዘጋለች።

ቀዳዳዎቹን ማወቅ ያስፈልጋል። የፖለቲካ ጥሪ፣ የበጎ አድራጎት ልመና፣ የአስተያየት መጠይቅና ዕዳ ሰብሳቢ በመዝገቡ አይከለከሉም። ዕቃ የገዛችሁበት ድርጅት ከመጨረሻው ግዢ በኋላ እስከ 18 ወር፣ ዋጋ ብቻ የጠየቃችሁበት ደግሞ እስከ ሦስት ወር ሊደውል ይችላል። ሌላው ወጥመድ በየበዓሉና በየገበያ አዳራሹ በር የሚሞላው የዕጣ ወረቀት ነው። ከታች በደቃቅ ፊደል «እንዲደውሉልኝ ፈቅጃለሁ» ይላል፤ ፈርማችሁ ከሰጣችሁ መዝገቡ አያድናችሁም። የልጅ ልጇን መኪና ላሸልመው ብላ እማዬም አንድ ሞልታ ነበር። እንዲህ ያለውን ጥሪ ለማስቆም ራሱን ደዋዩን «ከእንግዲህ አትደውሉ» ማለት ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ መደወል ሕግ መጣስ ነው። ይህንን በፊደላችን ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩላት፦ «ዱ ኖት ኮል ሚ አጌን።» እማዬ መነጽሯን አድርጋ፣ ወረቀቱ ፊት ቆማ፣ አምስቱንም ቃል እየረገጠች ታነበዋለች።

የምወቅሰው ነገር አለ። በስልክ ሲመዘገቡ የምትሰሙት ቋንቋ እንግሊዝኛና ስፓኒሽ ነው። ኮሚሽኑ ስለ ማጭበርበር የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ በአማርኛ አውጥቷል፤ የተጭበረበረም ሰው ወደ 877-382-4357 ደውሎ 3 ቁጥርን ከተጫነ በአስተርጓሚ ማመልከት ይችላል። ታዲያ የመመዝገቢያው መስመር ለምን ይህን አላገኘም? የሁለት ደቂቃ ቅጂ ነው። ቋንቋው የሚቸግራቸው እናቶች ናቸው በጣም የሚፈልጉት። አቤቱታ ስታቀርቡም ማንም መልሶ አይደውልላችሁም፤ ይህ ቅር ያሰኛል። ሆኖም አመልክቱ፤ ኮሚሽኑ የተጠቆሙትን ቁጥሮች በየሥራ ቀኑ ያወጣቸዋል፣ ጥሪ የሚያግዱ ኩባንያዎችም ይጠቀሙባቸዋል።

ስለ ደብዳቤም ጥቂት ልበል። እማዬ «ተፈቅዶልዎታል» እያሉ የሚመጡትን የክሬዲት ካርድ ፖስታዎች የመንግሥት ወረቀት መስለዋት አንድ መሳቢያ ሙሉ አስቀምጣለች። እነዚህን የሚያስቆመው ሌላ መዝገብ ነው፤ የክሬዲት መረጃ ድርጅቶቹ በጋራ ያቋቋሙት ሲሆን ስልኩ 1-888-567-8688 ነው። በስልክ ወይም በኢንተርኔት ለአምስት ዓመት ያስቆማል፤ ለዘለቄታው ከፈለጋችሁ ቅጹን ፈርማችሁ በፖስታ ትልካላችሁ። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር (መንግሥት ለእያንዳንዱ ሰው የሚሰጠውን መለያ) ሲጠይቀኝ አመንትቼ ነበር፤ ድርጅቶቹ ግን ቁጥሩን አስቀድሞም ያውቁታል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፖስታው ቀነሰ፤ መሳቢያውም አሁን የእማዬ መድኃኒት ማስቀመጫ ሆኗል።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። አንዷን የያዝኩት ለአማርኛው ነው።

የእማዬ ማኅበር ጓደኞች ወሬውን ሰምተው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንዳስመዘግባቸው ጠይቀውኛል። አምስት ናቸው፤ ሁለቱ ቁጥራቸውን በወረቀት ጽፈው ላኩልኝ። በወረቀት አይሆንም። የሚደወለው ከራሱ ከስልኩ ነውና ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ባትሪውንም ሙሉት ብያቸዋለሁ።